ባለቤት የሌለው መሬት ሥራ አይፈታም

አዲስ አበባ ዳር ቤት የሠራ ሰው ከጤናው በፊት ካሬው ይጠየቃል። "ስንት ካሬ ነው?" 175 ካልክ "አሃ፣ የማህበር ነው" ትባላለህ። 250 ካልክ ወንበር ይሳብልሃል። 500 ካልክ ደግሞ ምርመራው ይከተላል፤ ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ፣ ካርታው በማን ስም ነው፣ ልጆች ስንት ናቸው፣ ውጭ ያለ አለ ወይ። ኮንዶሚኒየም ነኝ ካልክ ግን ካሬህን ማንም ጉዳዬ አይልም። "ስንተኛ ፎቅ ነህ? ውሃ ይወጣል?" ብለው በአዘኔታ ያዩሃል።

እኔ ያለሁት ከአያት ወዲያ ነው። በ2008 ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር የምሥራቁ መስመር አያት ላይ አበቃ፤ ከዚያ ወዲህ ደላሎቻችን ሰፈሩን "ባቡሩ ጋ" ይሉታል። ባቡሩ ጋ ለመድረስ ታክሲ መያዝ እንዳለብህ የምታውቀው ቀብድ ከከፈልክ በኋላ ነው። በአንድ በኩል የማህበር ቤቶቹ ተደርድረዋል። ከአስፋልቱ ማዶ ኮንዶሚኒየሙ አለ፣ ወደ ላይ ትልልቆቹ ግቢዎች፣ ከጀርባ ደግሞ እስካሁን ጤፍ የሚዘራበት ማሳ። መሃል ላይ ሜዳው። ሜዳው በፕላን "አረንጓዴ ቦታ" ነው አሉ። አረንጓዴ የሚሆነው ሐምሌና ነሐሴ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ መሬት ጠዋት ማታ ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። በሰፈራችን በጣም ሰነፉ መሬት ካርታ ያለው ነው። ታታሪው ደግሞ ባለቤት የሌለው።

ካላመናችሁ ከላይኛው ሰፈር እንጀምር። እዚያ አንድ ጋሼ አሉ፣ ግቢያቸው 500 ካሬ ሞልቶ ይፈሳል። (500 የሚለው ቁጥር ከሰማይ አልወረደም፤ ደርግ በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወርስ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የተወው ጣሪያ 500 ካሬ ነበር። መንግሥት ሄዶ መንግሥት ሲመጣ ቁጥሯ ግን በሰው አፍ ላይ እንደ ማዕረግ ቀረች።) ጋሼ ግቢ ውስጥ ሣር አለ። ጋሼ ሣሩን አይረግጡትም። ሠራተኛዋም አትረግጠውም። ልጆቻቸው አሜሪካ ናቸው፣ እነሱም ከዚያ ሆነው አይረግጡትም። አትክልተኛው ሊቆርጠው ሲመጣ ብቻ በእርጥብ ጫማ ገባ ይልና ይቅርታ የሚጠይቅ በሚመስል አረማመድ ይወጣል። ሰፈሩ ውሃ በፈረቃ ጀሪካን ሲደረድር ሣሩ ከሮቶ ይጠጣል። ውሻው እንኳን ሲሚንቶው ላይ ነው የሚተኛው፤ ሣሩ የማን እንደሆነ ያውቃል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የጋራ ንብረት ነው ይላል። እውነት ነው፣ እኛ ሰፈር መሬት ተሽጦ አያውቅም። የሚሸጠው ቤት ነው። ደላላው ይዞህ ይሄድና አንዲት የጭቃ ክፍል ያሳይሃል፤ ጣሪያዋ ያዘመመ፣ በሯ በሽቦ የታሰረ። "ቤቱ ይሄ ነው" ይልሃል። ገዢ ቤቱን ዞር ብሎም አያየው። እግሩን እየዘረጋ ከአጥር አጥር ይራመዳል፣ ከንፈሩ ይቆጥራል። ከዚያ የሚጠራለት ሚሊዮን እንግዲህ ለዚያች ጭቃ ክፍል ነው። ማስታወቂያው ላይ ራሱ "ፈራሽ ቤት" ተብሎ ይጻፋል። ሊፈርስ ነው ተብሎ ዋጋው የሚጨምር ዕቃ እስካሁን ሌላ አላየሁም።

የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ደግሞ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት፣ ለከተማ ግብርና 15 ዓመት ይሰጣል። እኔን ሁሌ የሚያስቀኝ ይህ ነው። ጎመን 15 ዓመት ምን ያደርግለታል? የጎረቤታችን የእትዬ ጎመን ሊዝም ውልም የላትም፤ አጥራቸው ሥር በቅላ በየዓመቱ አንድ አንድ ክንድ ወደ መንገዱ ትጠጋለች እንጂ።

የአጥር ጉዞ ሥርዓት አለው፣ ዝም ብሎ አይደለም። መጀመሪያ ድንጋይ ይደረደርና ኖራ ይቀባል። ምክንያቱ "መኪና አጥሩን እንዳይገጨው" ነው። ቀጥሎ በድንጋዩና በአጥሩ መሃል አበባ ይተከላል። አበባን ማን ይቃወማል? ደንብ አስከባሪ እንኳን አበባ ሲያይ ልቡ ይራራል። ከዚያ አበባውን ፍየል በላው ተብሎ እሾሃማ ሽቦ ይመጣል። ሽቦው የሰው ልብስ ቀደደ ተብሎ በቆርቆሮ ይተካል። የሆነ ቀን ጠዋት ትነሳለህ፣ ቆርቆሮው ላይ መስኮት ተከፍቶ ዳቦ፣ ለስላሳና የሞባይል ካርድ ይሸጣል። አንተም ዳቦ ትገዛለህ። ምን ታደርጋለህ፣ ቅርብ ነው።

የከተማው መዋቅራዊ ፕላን ከመቶ 30ውን ለመንገድ፣ 30ውን ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40ውን ለግንባታ አድርጎታል። ቆንጆ ክፍፍል ነው። እኛ ሰፈር ሲደርስ ግን 40ው በየሌሊቱ እየተነሳ ከሁለቱ 30ዎች ይቆነጥራል። ፕላኑ ላይ 10 ሜትር የተባለው መንገዳችን ዛሬ ሁለት ቪትስ አያሳልፍም። አንዱ እስከ እትዬ ጎመን ድረስ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሌላው እጁን አውጥቶ "ተባረክ ወንድሜ" እያለ ያልፋል። ተመላሹም "ምንም አይደል" ይላል፣ ከዚያ ቤቱ ሲገባ መንገዱን ማን እንዳጠበበው ለሚስቱ ይነግራታል። የነገራት ሰው የራሱን አበባ አይጨምርም።

የሚገርመው በጎረቤት ወሰን ቀልድ የለም። ከኛ ሦስት ቤት አልፎ ሁለት ወሰንተኞች በአንድ ብሎኬት ውፍረት ተካሰው ሽማግሌ ሰልችቶ፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ሰልችቶ፣ አሁን ሰላምታ የሚለዋወጡት በእድር ስብሰባ ብቻ ነው። ሁለቱም ግን ከመንገዱ በኩል አንድ አንድ ሜትር ወስደዋል፤ ያንን ሲያጥሩ አንዱ ለሌላው መዶሻ አውሶታል። የቦታ ግብር ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ካርታውን ከቁምሳጥን ያወጣና "የኔ እኮ 175 ናት፣ ከዚህ ፍንክች አትልም" ይላል።

በነገራችን ላይ የማህበር ቤቶቹን ሰነፍ ማለት ይከብዳል። እነዚህ 175 ካሬዎች ትርፍ ሰዓት የሚሠሩ ናቸው። ከፊት ጂ ፕላስ ዋን፣ ከኋላ በአጥሩ ጥግ የተደረደረ ሰርቪስ፣ በየክፍሉ ተከራይ፣ በየተከራዩ አንድ ምጣድና አንድ ጭቅጭቅ። ጎረቤታችን ጡረታ ሲወጡ ዋናውን ቤት ለመዋዕለ ሕፃናት አከራይተው እሳቸው ከባለቤታቸው ጋር ሰርቪስ ገቡ። በሩ ላይ ሚኪ ማውስ ተስሏል፣ ጆሮው ግን ወደ ፍየል ይጠጋል። ሕፃናቱ የቀድሞው ሳሎን ውስጥ "ሀ ሁ" ይላሉ፣ እረፍት ሲወጡ መኪና ማቆሚያ በነበረችው ሲሚንቶ ላይ በተራ ይሮጣሉ፤ ሁሉም ባንዴ ከሮጡ ይጋጫሉ። ከግድግዳው ወዲያ የጋሼ ሣር አለ። ኳስ ተሻግሮ ከገባ ቀረ፣ ተመልሶ አያውቅም።

ከአስፋልቱ ማዶ ያሉት መሬት የላቸውም ይባላል። ውሸት ነው። ኮንዶሚኒየም መሬት ላይ ያለ ሰው (ማለቴ ግራውንድ) በረንዳውን በግንብ ይከልላል፣ ከበረንዳው ፊት በቆሎ ይዘራል፣ ከበቆሎው ፊት ለልብስ ሽቦ ይወጥራል። አራተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ልብሷን ይዛ አራት ፎቅ ወርዳ "ይቺ ሽቦ የማን ናት?" ስትል ከበቆሎው ውስጥ ድምፅ ይመጣል። ያንን የጋራ ሕንፃ ፕላን ያወጣው ባለሙያ ግን እኛን ያውቀናል፤ በዚህ አልታማውም። ፎቅ ላይ በግ አይታረድም፣ ሃምሳ እንጀራ አይጋገርም፣ ብርድ ልብስ አይታጠብም ብሎ አስቦ ለዚሁ ሁሉ የሚሆን የጋራ መገልገያ ቤት ሠራ፣ ሰው ኮሚናል ይለዋል። ኮሚቴው ደግሞ ቤቱ ባዶውን ከሚቀመጥ ገቢ ያምጣ ብሎ አከራየው። እናም ዛሬ ኮሚናሉ ጂም ነው። በጉ የሚታረደው ፓርኪንግ ላይ ነው። መኪናው የሚቆመው አረንጓዴው ቦታ ላይ ነው። አረንጓዴው ደግሞ በየበረንዳው በቀለም ባልዲ ተተክሏል፤ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ አንዳንዱ ጋ ጌሾ። ሁሉም ነገር አለ፣ አንድም ነገር ግን ቦታው ላይ የለም።

አሁን ወደ ሜዳው። ካርታ የለውም፣ ግብር አይከፍልም፣ ነገር ግን በሰፈሩ እንደሱ የሚሠራ አላየሁም። ሊነጋጋ ሲል ስኳር አለብን፣ ግፊት አለብን የሚሉ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ይዞሩታል። እነሱ ሲወጡ የመንጃ ፈቃድ ተለማማጅ ይገባል፤ አንዲት ላንድ ክሩዘር እዚያ ስትንደረደር ዶሮ ሲበተን አይቻለሁ። ረፋድ ላይ የገበሬው ላሞች ይመጣሉ፣ አስፋልቱን የሚሻገሩት በራሳቸው ሰዓት ነው፤ ባለ መኪናው ጥሩምባ ቢነፋ አንዷ ቆም ብላ ታየዋለች፣ ማን ቀድሞ እዚህ እንደነበር የምታስታውሰው ይመስለኛል። ከሰዓት ኳስ ነው። ለመስቀል ደመራው እዚያ ይቆማል፣ ለፋሲካ ዋዜማ በግ ተራ ይሆናል፣ ለቅሶ ሲሆን የእድሩ ድንኳን ይተከልበታል፣ ሰርግ ሲሆን ያው ድንኳን ታጥቦ ይመለሳል። ሠርገኛና ለቀስተኛ በአንድ ቅዳሜ ተገጣጥመውበት አንደኛው ወገን ሙዚቃውን እስከ ስምንት ሰዓት እንዲያቆይ በሽማግሌ የተለመነበት ቀን ነበር።

ማታ ማታ ደግሞ የጨለማ ሥራ አለው። አካባቢያችን አፈሩ መረሬ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በላዩ ቤት ከሠራህ ግድግዳህንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ቤት የሚሠራ ሁሉ መጀመሪያ መረሬውን ቆፍሮ አውጥቶ ቀይ አሸዋና ድንጋይ ይሞላል። የወጣው መረሬ የት ይሄዳል? ሕጋዊ የአፈር መድፊያ ሩቅ ነው፣ ገልባጩ ደግሞ በምልልስ ነው የሚከፈለው። እኩለ ሌሊት ላይ መብራቱን አጥፍቶ ይመጣል፣ ጭነቱን ሜዳው ላይ ይደፋል፣ ይሄዳል። ጠዋት ልጆቹ ጎሉን ያዞራሉ። አንድ ሰሞን ኳስ ሜዳው ኮረብታ ስለነበረው ከላይ ወደ ታች የሚያጠቃው ቡድን ያሸንፍ ነበር፣ ከእረፍት በኋላ ደግሞ ሌላው።

ይህ ታታሪ መሬት አንድ ማክሰኞ ታጠረ። ማለዳ ነጠላቸውን ያጣፉት እናቶች ሲደርሱ ዙሪያውን ቆርቆሮ ነው። "ለልማት" የሚል ተጽፎበታል፣ ለየትኛው ልማት አይልም። ሰፈሩ ወዲያው ማልማት ጀመረ። እትዬ "ሆስፒታል ነው፣ ከአንድ ትልቅ ሰው ሰማሁ" አሉ። ደላላው "ሞል ነው" ብሎ በዚያው ሳምንት የጭቃ ክፍሎቹን ዋጋ ጨመረ። ወጣቶቹ "ስታዲየም" አሉ፣ ይቺ ከተስፋ የመጣች ናት። የሚመለከተው ቢሮ ሄደን ብንጠይቅ "ይሄ ከላይ ነው" ተባልን። ላይ ስንሄድ "ታች ጠይቁ"። በዚህ መሃል ሁለት ክረምት አለፈ። ከቆርቆሮው ውስጥ ምንም አልተሠራም። ካርታ አገኘና እንደ ባልንጀሮቹ ተኛ።

ሙሉ በሙሉ ተኛ ካልኩ ግን ዘበኛውን መበደል ይሆናል። አጥሩን የሚጠብቁት አንድ አባት ናቸው፣ ጋቢ የማይለያቸው። ሜዳው ሜዳ ከመሆኑ በፊት የእሳቸው ማሳ ነበር። ቦታው ሲወሰድ በ1997ቱ የካሳ አዋጅ ተሠልቶላቸዋል፤ አዋጁ ያለፉትን 5 ዓመታት ገቢህን ይደምርና የአንድ ዓመቱን አማካይ በ10 ያበዛልህ ነበር። ለ10 ዓመት ሽንብራ ከፈሏቸው ማለት ነው፣ መሬቱን ራሱን ማንም አልገዛቸውም፣ አይሸጥማ። ጭቃ ክፍሏ በሚሊዮን ስትጠራ እሳቸው ቆመው ይሰማሉ። ገንዘቡ ለአንድ ልጅ ባጃጅ፣ ለአንድ ልጅ ሰርግ ሆነ። አሁን በወር ደመወዝ የገዛ ማሳቸውን ከሰው ይጠብቃሉ።

ታዲያ አባባ ዝም ብለው የሚጠብቁ ሰው አይደሉም። ገልባጩ ሲደፋው የኖረውን መረሬ በዶማ አደላድለው ጎመን ዘሩ። ከጎመኑ ወዲያ ድንች። ከድንቹ ወዲያ ሁለት በግ። ቆርቆሮው ላይ የእጅ ማስገቢያ ያህል ቀዳዳ አለች፤ ብር ታስገባለህ፣ እስር ጎመን ይወጣል። እትዬ አንድ ቀን ቀዳዳዋ ጋ ጎንበስ ብለው ሲከራከሩ ደረስኩ።

"አባባ፣ ይሄ ለአንድ እስር አልበዛም?"

"በዛ ካሉ የራስዎ አለ አይደል እትዬ፣ መንገዱ ላይ።"

እትዬ ብሩን አስገቡ።

ጣጣው የመጣው ለእድሩ ነው። ድንኳኑ የት ይተከል? የባለፈው ወር ስብሰባ አጀንዳ ይህ ብቻ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ፈጀ። አንዱ ኮሚናሉን እንጠይቅ አለ፣ ጂሙ ለአንድ ዓመት ቅድሚያ ከፍሏል ተባለ። አንዱ መዋዕለ ሕፃናቱ ቅዳሜ ባዶ ነው አለ፣ ለቅሶ ደግሞ ቅዳሜን አይጠብቅም ተባለ። ከዚያ ከኋላ አንድ የማይታይ ሰው "ጋሼ ግቢ እኮ ሰፊ ነው" አለ። ቤቱ ጸጥ። ሁሉም አንገቱን ሳያዞር ጋሼን አየ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እኔ ደስ ይለኛል። ችግሩ ሣሩ ነው።"

"ሣሩ ምን ሆነ ጋሼ?" አለ ፀሐፊው፣ እስክሪብቶውን ይዞ።

"ድንኳን ችካል አለው። ወንበር እግር አለው። ሰውም…" እዚህ ላይ የሰውን እግር መጥራት ከበዳቸው።

ተከራክረን ተከራክረን ድንኳኑ መንገዱ ላይ እንዲተከል ተወሰነ፤ መኪና ያለው በኮብልስቶኑ ዞሮ ይሂድ። ጋሼ ደግሞ ለወንበሮቹ ማስቀመጫ ጋራዣቸውን ፈቀዱ፣ ተጨበጨበላቸው። ወንበሮቹ በማግስቱ ገቡ፣ መኪናቸው ውጪ ወጣች። የቆመችው ልጆቹ ከሜዳው ተባረው ኳስ በሚጫወቱበት መንገድ ላይ ነው፣ ከጋሼ በር ፊት ለፊት። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፣ አልተጣሉም። የፊት ጎማውን አንዱ የጎል ቋሚ አድርገውታል፣ ሌላኛው የእትዬ ኖራ የተቀባ ድንጋይ ነው። ጋሼ በየጎሉ ብቅ ይላሉ።